አባቴ በሜትር እየለካ የገጠመልኝ ግጥም

ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከአምቦ አውቶቡስ ተራ ወደ ሁሉቃ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ ሽታ ይዞ አስቆመኝ። የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ነው፤ ግማሹ እንፋሎት፣ ግማሹ የተለበለበ ጥጥ፣ ትንሽ ደግሞ አመድ አለበት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር አንድ ልብስ አጣቢ የድሮውን ካውያ ከየት እንዳወጣው እንጃ፣ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሰው ሸሚዝ ይተኩሳል። እኔም ደብተሬን ደረቴ ላይ እንዳቀፍኩ መንገዱ መሀል ቀረሁ። አንድ ባለ ባጃጅ ጡሩንባውን ነፍቶ አንገቱን አወጣና፣ እኅቴ፣ መንገዱን ገዝተሽው ከሆነ ንገሪንና በሌላ እንሂድ አለኝ። ሳቅሁ፣ ዘወርም አልኩለት። ዓይኔ ግን ከልብስ አጣቢው ጎን ካለው የስልክ ቀፎና ቻርጀር መሸጫ ላይ አልነቀል አለ። ያ ሱቅ ድሮ የአባቴ ነበር፤ ሽታውም የእሱ የከሰል ካውያ ሽታ ነው።

ድሮ ስል እማዬ ትስቅብኛለች። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ምን ድሮ አላት ትላለች። ትዝታ የሚጽፈው ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፣ እኔ እናትሽ ገና ያልጀመርኩትን አንቺ እንዴት ቀደምሽኝ ትለኛለች። እኔ ግን ሁለተኛ የማይገኝ ነገር ሁሉ ድሮ ይባላል ባይ ነኝ፤ ትናንት ጧትም ቢሆን። ደግሞ ዘንድሮ መጻፍ እንደምችል አውቄአለሁ። ብዕሬን አንስቼ ገና ሁለት መስመር ሳልሄድ ሦስተኛው ራሱ እየሮጠ ሲመጣ የሚሰማኝን ደስታ ለማን ልንገረው? ስለዚህ ፀጉሬ እስኪሸብት አልጠብቅም።

በዚያው ሳምንት የአማርኛ መምህራችን ቲቸር ትዕግሥት የቤት ሥራ ሰጥተውን ነበር። አባት ልጁን የሚመክርበት አንድ ግጥም መርጠን፣ ገጣሚው የተጠቀመባቸውን ስልቶች እየነቀስን እንድንተነትን ነው። ዘይቤው ምንድን ነው፣ ቤት እንዴት ይመታል፣ ምቱስ፣ ምን ምን ይደጋገማል፣ መዝጊያውስ የመጀመሪያውን ሐሳብ እንዴት ያስረዋል? ጓደኛዬ ሔለን ወዲያው አቃሰተች። የእሷ አባት የግንባታ ቢሮ ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የመከሯት ምክር «አጥኚ» የምትል አንዲት ቃል ናት፣ እሷም ቤት አትመታም አለችኝ። ሌሎቹ ቤተ መጻሕፍት ወርደው መጽሐፍ ሲያገላብጡ ሰነበቱ። እኔ ግን የካውያው ሽታ መንገድ መሀል ያቆመኝ ጊዜ የማንን ግጥም እንደምተነትን አወቅሁ። የተጻፈበት ወረቀት የለም፤ ያለው እኔ ላይ ነው።

አባቴን የከተማው ሰው ኦቦ ለሜሳ ይለዋል፣ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ጠባብ ስለነበር የስፌት መኪናው በረንዳ ላይ ይውላል፣ ውስጥ የምንገባው ጨርቁና እኔ ብቻ ነበርን። ከጎኑ ዘፈን ቤት ነበር። የዘፈን ቤቱ ልጅ ሰው ሚሞሪ ካርድ ይዞለት ሲመጣ ዘፈን ይጭናል፤ ገበያ በሌለ ሰዓት ደግሞ ትልቁን ስፒከር ወደ መንገዱ አዙሮ የኦሮምኛ የሠርግ ዘፈን ይለቅና አላፊ አግዳሚው ሳያውቀው ትከሻው ይነቃነቃል። ማዶ ፓስቲ የምትጠብስ ሴትዮ ነበረች። ፓስቲው አንድ ብር፣ ሚጥሚጣው ምርቃት። ባጃጅ እስከ ድልድዩ ሁለት ብር፣ ጋሪ ከሆነ ደግሞ ከባለጋሪው ጋር በመጨቃጨቅሽ መጠን ነው። የባለጋሪዎቹ ፈረሶች ግንባራቸው ላይ ቀይ የሱፍ ኳስ ነበራቸው፤ ያንን ኳስ ከቁርጥራጭ ሱፍ እየጠቀለለ የሚሠራላቸው አባዬ ነበር። ዛሬ ጋሪው ወደ ጠርዝ ጠርዙ ሸሽቷል፣ ኳስ ያሰረ ፈረስ ሳይ ግን አሁንም ዞሬ አያለሁ፤ ማን ሠራለት ይሆን እያልኩ።

ነሐሴ ወደ ማለቂያው ሲደርስ፣ ዝናቡ ቀን ቀን ማረፍ ሲጀምር፣ በረንዳው በእናቶች ይሞላል። የዩኒፎርም ወቅት ነው። ሰማያዊ ጨርቅ ጠቅልለው ይመጡና ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ኦቦ ለሜሳ፣ ለሦስት ዓመት እንዲሆን አድርገህ ቁረጠው። አባዬም ታችኛውን እጥፋት ሰፊ አድርጎ ወደ ውስጥ ይሰፋዋል። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ያቺ እጥፋት ትፈታና ቀሚሱ ወይ ሱሪው አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት ይረዝማል። ከእጥፋቱ ውስጥ የወጣው ጨርቅ ፀሐይ ስላላየ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፣ ላዩ ደግሞ የነጣ። በዚያ ጊዜ የአምቦን ተማሪ ከኋላው ሆነሽ ስታዪው የስንተኛ ዓመት ልብሱን እንደለበሰ ከጉልበቱ በታች ካሉት መስመሮች ይታወቅ ነበር። አንዳንዱ ሦስት መስመር ይዞ በኩራት ይሄዳል። አሁን የማያቸው ልጆች የሚለብሱት ከአዲስ አበባ በጆንያ የሚመጣ ሹራብ ነው፤ ያምራል፣ ግን ስንት ዓመት እንደኖረ አይናገርም።

የኔን ልብስ አባዬ የሚሰፋው ከሁሉም ኋላ ነው፣ የሰው ሥራ ተሰጥቶ ሲያልቅ፣ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ዋዜማ ከሰዓት በኋላ። የለስላሳ ሳጥን ይገለብጥና እላዩ ላይ ያቆመኛል። ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ጠመኔው ጆሮው ላይ፣ ስፒሎቹ ከንፈሩ መሀል። ከዚያ መለካት ይጀምራል፣ እየለካ ደግሞ ግጥሙን ይለዋል። ሕጉ እንዲህ ነው፤ በየክፍሉ ሁለት ስንኝ ይጨመራል። አንደኛ ክፍል ስገባ ሁለት ስንኝ ነበር፣ ሁለተኛ ክፍል ስገባ የመጀመሪያውን ደግሞ በላዩ ሌላ ሁለት። ትከሻዬን ሲለካ የአንደኛ ክፍሉን፣ ክንዴን ሲለካ የሁለተኛውን፣ ወገቤ ላይ ሲደርስ የሦስተኛውን። አዲሱ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ተንበርክኮ እጥፋቱን ሲፈታ ነው የሚመጣው። እኔ ሳጥኑ ላይ ሆኜ የራስ ቅሉን ከላይ እያየሁ እጠብቃለሁ። የስንኙን መጀመሪያ ቃል ስፒል በአፉ ስለያዘ አጥርቶ አይለውም፣ ሁለተኛውን ቃል ሲደርስ ስፒሎቹን አውጥቶ ደረቱ ላይ ይሰካቸዋል። ደንበኞቹ ያውቁ ነበር። አንድ ጊዜ ስንኝ ሲያስብ ለአንድ መምህር ኮት ሁለቱንም ኪስ በግራ በኩል ሰፍቶት፣ ሰውዬው ኮቱን አንጠልጥሎ መጣና፣ ኦቦ ለሜሳ፣ ለልጅህ ስትገጥም የኔን እጅ ግራ አጋባኸው እኮ ብሎ በረንዳውን በሳቅ ገደለው።

እንግዲህ ትንተናው ይኸው። አንደኛ ክፍል ስገባ ያለኝ ይህን ነበር፦

ቀስ በይ በመንገድሽ፣ መርፌም ቀስ ትላለች፤
የቸኮለች እንደሁ፣ ክሯን ትጥላለች።

ለቲቸር ስጽፍ ሰውኛ ዘይቤ አልኩት፤ መርፌ እንደ ሰው ትቸኩላለች፣ ክር ይወድቅባታል። ቤቱም ሙሉ ነው፣ «ትላለች» እና «ትጥላለች» እስከ ሥራቸው ይገጥማሉ። በወረቀቱ ላይ ያልጻፍኩት ግን፣ ያኔ ሰባት ዓመቴ እንደነበረና መርፌ የእውነት የምትኮራ፣ አፍንጫዋን ቀና ያደረገች ሴትዮ መስላኝ እንደነበር ነው። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በሩጫ የሚያልፉኝን ልጆች እያየሁ፣ አዬ፣ ክራችሁ ወድቋል እል ነበር በሆዴ። የመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ አረፈድኩ። እማዬ አባዬን፣ ልጅቷን ቀስ በይ ብለህ እንደ ኤሊ አደረግሃት ብላ ወቅሳዋለች።

የሁለተኛ ክፍሉ እንዲህ ይላል፦

ቁልፍሽ ቢበጠስ ልጄ፣ አትሸፍኚው በእጅሽ፤
አምጪልኝ እሰፋለሁ፣ እኔ ነኝ ወዳጅሽ።

እዚህ ላይ ተለዋጭ ዘይቤ አለ ብዬ ጽፌአለሁ፣ ቁልፉ ቁልፍ ብቻ አይደለምና። ደግሞ የምክር ግጥም ሁሉ ትእዛዝ ነው፤ አድርጊ፣ አታድርጊ። አባዬ ግን በትእዛዝ ጀምሮ ስለራሱ በመናገር ይጨርሳል፣ «እሰፋለሁ» ብሎ ሥራውን ወደራሱ ይወስዳል። ይህን ያስተዋልኩት ዘንድሮ ነው። ሲያስተውሉት እንዴት ደስ ይላል! አሥር ዓመት ሙሉ በቃልሽ የምትዪው ነገር ውስጥ አንድ በር እንደነበረና ሳትከፍቺው እንደኖርሽ እንደማወቅ ነው።

ሦስተኛ ክፍል ላይ ተነጻጻሪ መጣ፦

እንደ ጥሩ ካኪ፣ ታጠቢና ድመቂ፤
ባንድ ዝናብ ለቀሽ፣ ሌላ አታጨማልቂ።

በዚያ ዓመት ገበያው ላይ ቀለሙን የሚለቅ ርካሽ ጨርቅ ገብቶ ነበር። የክረምቱ ዝናብ ሲመታው የአንዱ ልጅ ሱሪ የጓደኛውን ሸሚዝ ሰማያዊ ያደርገዋል። አባዬ ተናዶ ሰነበተ፤ ንዴቱ ነው እንግዲህ ስንኝ ሆኖ የወጣው። አራተኛ ክፍል ላይ ደግሞ ቤቱ ተንኮታኮተ፦

ኢንታላ ኮ ስሚኝ፣ ሁለት ነው ቋንቋሽ፤
አንዱን ስትለብሺ፣ አንዱ ነው ገበርሽ።

«ኢንታላ ኮ» ልጄ ማለት ነው በኦሮምኛ፤ ቤታችን ውስጥ ንግግር የሚጀመረው በአንዱ ነው፣ የሚያልቀው በሌላው። «ቋንቋሽ» እና «ገበርሽ» መቼም በደንብ አይገጥሙም። ያኔ ቤት መምታት ክፍል ውስጥ ተምረን ስለነበር ሳጥኑ ላይ እንደቆምኩ፣ አባዬ፣ ይሄኛው ቤት አይመታም አልኩት፣ ትልቅ ምሁር ሆኜ። ቀና ብሎ አየኝና፣ ገበር ለሰው አይታይም፣ የማይታይ ነገር ትንሽ ቢጣመም ምን ይላል አለኝ። ሳጥኑ እስኪነቃነቅ ሳቅን። ቲቸር ትዕግሥት ይህን ሲያነቡ ከዳር በቀይ እስክሪብቶ «አሳማኝ» ብለው ጻፉበት።

ስለ ምቱ ደግሞ ብዙ ለፍቻለሁ። እየቆጠርኩ ስሞክር አንዱ ሐረግ ስድስት፣ አንዱ ሰባት እየሆነ አስቸገረኝ። ኋላ ዓይኔን ጨፍኜ አባዬ ሲለው ለመስማት ሞከርኩ። ያኔ ገባኝ፤ ምቱ የመጣው ከፔዳሉ ነው። ስንኙን የሚያስበው ሲሰፋ ነበር፤ እግሩ ሲወርድ ግማሹ ሐረግ፣ ሲመለስ ሌላው፣ ክሩን ሊበጥስ ሲቆም ደግሞ የስንኙ ማብቂያ። የዘፈን ቤቱ ልጅ ፈጣን ዘፈን የከፈተ ቀን አባዬ ዘንግቶ ከዘፈኑ እኩል ይረግጥና፣ አንተ ልጅ፣ ሰው ልብስ እንዲሰፋ ነው ወይስ እንዲጨፍር የምትፈልገው ይለዋል። ልጁም፣ ኦቦ ለሜሳ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ቢያደርጉት ነው የኔ ሐሳብ ይላል። ያ ልጅ የት እንደደረሰ አላውቅም። አሁን ሰው ዘፈኑን ከስልኩ ነው የሚሰማው፣ በጆሮው ውስጥ፣ ለብቻው።

አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ስምንተኛ። ሁሉንም እዚህ ብጽፍ ገጹ አይበቃም፤ ግን በየመሀሉ «ልጄ» ትመላለሳለች፣ ያቺ ናት ድግግሞሹ። ከዚያ ነገሮች ተቀያየሩ። ሱቆች ለብዙ ጊዜ ተዘግተው የከረሙበት፣ ኔትወርክ የጠፋበት፣ ትምህርት ቤት ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል የምንባልበት ጊዜ መጣ። መንገዱ ላይ ሰው ሳይኖር አንዲት ባጃጅ ብቻዋን ስታልፍ ድምፅዋ እስከ ቤታችን ይሰማ ነበር። ተመልሶ ሲከፈትም እንደ ድሮው አልሆነም፤ ትምህርት ቤቶቹ የተዘጋጀ ልብስ አስመጡ፣ እናቶቹ በረንዳውን ተዉት። አባዬ ለተወሰነ ጊዜ የተቀደደ ሲጠግን፣ ዚፕ ሲቀይር ቆየ። በመጨረሻ የስፌት መኪናውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ ተወለደባት ወደ ካቺሲ ሄደ፤ የወላጆቹ ቤት ውስጥ ወንድሙ አለ፣ በገበያ ቀን ገበሬው ልብሱን ያሰፋል፣ ጆንያውንም ያስጠግናል። እማዬ ሥራዋ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ስለሆነ ከእኔ ጋር አምቦ ቀረች። አባዬ ለበዓል ይመጣል፣ በሦስተኛው ቀን ይመለሳል። በመሀል በስልክ እንገናኛለን። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። ትምህርት? ጥሩ ነው። እናትሽስ? ደህና ናት። ቶሌ፣ እሺ፣ በርቺ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የገዛ ሹራብ ለበስኩ። የሚለካ ነገር አልነበረም፣ ስንኝም አልመጣም። አሥረኛም፣ አሥራ አንደኛም እንዲሁ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ምናልባት ያደገች ልጅ ምክር አያስፈልጋትም ብሎ ይሆናል፣ ምናልባትም ረስቶት ይሆናል፣ የትኛው ይበልጥ እንደሚያሳዝነኝ አላወቅሁም።

ትንተናዬን ክፍል ውስጥ ሳነብ ሁሉም ጆሮውን ሰጠኝ። ሔለን እንኳን ዴስኩን መፋቋን አቆመች። ስጨርስ ቲቸር ትዕግሥት ወረቀቱን ተቀበሉኝና እንደገና ለራሳቸው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ በጣም ጥሩ ነው ሜቲ፣ ግን ግጥሙ መዝጊያ የለውም አሉኝ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። አባትሽ አልጨረሱትም ወይስ አንቺ አልጨረስሽም? ለሰኞ አምጪው። እኔ እሺ ከማለት ሌላ ምን ልበል? ቁጭ ስል ግን የቀረውን ጊዜ መቁጠር ጀመርኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ፈተናችንን እንፈተናለን፣ ከዚያ በኋላ የት እንደምመደብ አይታወቅም፣ ምናልባት አምቦን የማየው በዓመት አንዴ ይሆናል። ያ ግጥም ሳልሄድ ካልተዘጋ መቼም አይዘጋም። ነጥቡ ቀርቶብኝ ስንኙን ብቻ ባገኝ ብዬ ተመኘሁ።

ስለዚህ በማግሥቱ፣ ቅዳሜ፣ እማዬን አስፈቅጄ ካቺሲ ሄድኩ። በጊንጪ በኩል ነው የዞርኩት፤ የደንዲ ማሳዎች ጤፋቸው ታጭዶ ክምሩ በየሜዳው ቆሟል። አባዬ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ሥር ነበር። መኪናው ያው ነው፣ ፀጉሩ ግን ከበዓል እስከ በዓል ሳየው ያላስተዋልኩትን ያህል ነጥቷል። አንድ ገበሬ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ኮቱ እስኪጠገን ይጠብቃል። አባዬ ሲያየኝ በአፉ የያዘው ክር ወደቀ።

«አካም፣ እንዴት ነሽ፣ ኢንታላ ኮ! ማን ሞተ?» አለኝ ተነሥቶ።

ማንም አልሞተም አልኩት፤ የቤት ሥራ ይዤ ነው የመጣሁት። ገበሬው ይህን ሲሰማ ተንከተከተ። የኔ ልጅ ደብተሩን ከቤት እስከ አጥሩ ድረስ አያወጣውም፣ የአንተዋ አገር አቋርጣ ትመጣለች አለና ኮቱን ሳያስጨርስ፣ ቆይቼ እመለሳለሁ ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ። እኔም ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ቲቸርን፣ ሰውኛውን፣ ገበሩን፣ ምቱ ከፔዳሉ እንደመጣ። አባዬ ምቱ ላይ ስደርስ እግሩን አየው፣ ሌላ ሰው የሰጠው እግር ይመስል። ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቅሁት፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለው የት አለ?

የኮቱን እጅጌ ገለበጠ፣ መረመረው፣ መልሶ አስቀመጠው። የዘጠነኛውን ገጥሞት እንደነበር ነገረኝ። ከካቺሲ እስከ ጊንጪ አውቶቡስ ላይ ሆኖ ሲለው መጣ፤ ለመስቀል ቤት ሲገባ ግን እኔ በአዲሱ ሹራብ ደጃፉ ላይ ተቀበልኩት።

«እጅሽን ጎንሽ ላይ አድርገሽ ዞርሽልኝ» አለ። «አባዬ፣ ያምራል? አልሽኝ። በጣም ደስ ብሎሽ ነበር። ደስ ያለው ሰው ላይ ምክር ይጨመራል እንዴ? ሌላ ጊዜ እላታለሁ ብዬ ተውኩት።»

«አሁን በለኝ።»

«ረሳሁት።»

እንዲሁ ነው ያለው፣ ድምፁን ሳይለውጥ። ስንኙን ለማስታወስ ዓይኑን ወደ ገበያው አሻግሮ ቆየ፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ማልቀስ አልፈለግሁም፣ ስለዚህ የወደቀውን ክር ከመሬት አንሥቼ ጣቴ ላይ ጠቀለልኩት። ሌላ ግጠምልኝ አልኩት፣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ለመዝጊያ። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጠ፣ ቆመ፣ ደግሞ ረገጠ።

«በምን ልኬት?» አለኝ። «ድሮ ክንድሽን ስይዝ ሁሉን አውቅ ነበር። ከሔለን ጋር ተጣልተሽ እንደሆነ፣ ጨለማ ፈርተሽ እንደሆነ፣ ምሳሽን ሰጥተሽ መጥተሽ እንደሆነ። አሁን የማውቀው ደህና ነኝ የሚለውን ድምፅሽን ነው። በእሱ ላይ ምን ስንኝ ይቆረጣል?»

ገበያው እየሳሳ ነበር፤ ሰዎች አህዮቻቸውን እየጫኑ፣ ያልተሸጠ በጋቸውን እየጎተቱ በፊታችን ያልፋሉ፣ አንዳንዱ ኦቦ ለሜሳ፣ ልጅህ ናት? እያለ ሰላም ይለዋል። አባዬ ለሁሉም ይመልሳል፣ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። የኮቱን እጅጌ ሰፍቶ ጨረሰ፣ ክሩንም በጥርሱ በጠሰ። ከዚያ እግሩ ሳይንቀሳቀስ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ እኔ ሳያይ እንዲህ አለ፦

«ሳልለካሽ ያደግሽበት፣ ዓመቱ ጠበበኝ፤
ምክሬን ተይው ልጄ፣ ያንቺ ወሬ ይድረሰኝ።»

እስከ ዛሬ ድረስ ለዚህ ስልት ስም አላገኘሁለትም። የምክር ግጥም ሆኖ መካሪው ምክሩን የሚያስቀምጥበት፣ የሚጠይቀው እሱ የሚሆንበት ስልት በደብተራችን የለም። ያኔ ግን ስም መፈለጉም ትዝ አላለኝ። የማውራቱ ተራ የኔ ነበር፣ ከየት እንደምጀምር ግን ጨነቀኝ፤ ስንት ነገር አለ። ከሁሉም በፊት የመጣልኝን አልኩት።

«ሹራቡ ብብቴ ላይ ይይዘኝ ነበር፣ አባዬ። እንዳታዝን ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ዓመቱን ሙሉ እጄን ማንሣት አልችልም ነበር። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁት ዕድሉ ለሌላ ልጅ ይሰጥብኝ ነበር።»

አባዬ እግሩን ከፔዳሉ ላይ አወረደ። የተጠገነውን ኮት አጥፎ ወደ ጎን አደረገና ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«እሺ» አለኝ። «ከዚያስ?»